የሚነዳው የፊቱ ጎማ፣ የሚያዞረው የኋላው

ይህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለመካኒኮች፣ ለቴክኒክ ተማሪዎችና ለመኪና ውድድር ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ። አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ኋላ ነው። ያውም ስለ ትንሽ መኪና። ሞተሯ ፊት ነው፣ የሚነዳት የፊት ጎማ ነው፣ ጉልበቷ ደግሞ ከቁመናዋ ይበልጣል። በሌላው ዓለም ሆት ሃች ይሏታል። ጎልፍ ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ1976 ገበያ ስትገባ 1.6 ሊትር ሞተርና 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ፔዦ 205 ጂቲአይ በ1984 ተከተለች። እኛ ዘንድ እነዚህ ብርቅ ናቸው፤ የሞላው ቪትዝ፣ ያሪስና ስዊፍት ነው። ግን በክሪክ አንሱና ከሥራቸው ግቡ፤ አብዛኞቹ ላይ የምታዩት የኋላ አሠራር ከጎልፏ ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ይነግራችኋል።

ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተር ነው። ማርሚታ ልቀይር? ፊልትሮ ላስገባ? ኮምፒውተሩን ላስነካ? እኔ ደግሞ የቆምንበትን ቦታ አሳያቸዋለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል፤ 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተሸጠው 75 ቢሰጣችሁ ነው። ማርሚታ ቀይራችሁ የምታገኟት ሦስትና አራት የፈረስ ጉልበት ያንን አትመልስም። ጎማው ኩርባ ላይ መሬት የሚይዝበት አቅም ግን ከአየሩ መሳሳት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ስለዚህ እዚህ አገር፣ እዚህ ከፍታ ላይ፣ ሰዓት የሚገኘው ኩርባ ውስጥ ነው። የፊት ጎማ የሚነዳት መኪና ደግሞ ኩርባ ውስጥ ችግሯ አንድ ነው፤ መሪ ታዞራላችሁ፣ እሷ ወደ ፊት መሄድ ትፈልጋለች። መድኃኒቱ ያለው ኋላዋ ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ወረቀት ያላችሁ ጻፉት።

መኪናዋ 1000 ኪሎ ናት እንበል። የክብደቷ ማዕከል ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.4 ሜትር አለ። ጥሩ የውድድር ጎማ አድርጋ፣ ኩርባ ውስጥ የራሷን ክብደት የሚያክል የጎን ግፊት ተሸክማለች። ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭዎቹ የሚሻገረው ክብደት 1000 በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ1.4 ተካፍሎ፣ 357 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር ሞላ በማጠንከር አትቀንሱትም። የምትቀንሱት መኪናዋን ዝቅ ስታደርጉ፣ ስታቀሉ ወይም ጎማዎቹን ስታራርቁ ነው። ሞላውና ስታቢላይዘሩ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን አገናኝቶ መኪናዋ እንዳትጋደል የሚይዘው ብረት፣ የሚወስኑት 357ቱን ማን ይሸከመው የሚለውን ነው፤ ፊቱ ወይስ ኋላው።

እንቀጥል። ከ1000ው 620 ኪሎው ፊት፣ 380ው ኋላ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ የፊት ጎማ 310፣ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 190 መሆኑ ነው። ፋብሪካው እንደሠራት ከ357ቱ 60 በመቶውን ፊቱ ይሸከማል ብንል 214 ኪሎ ነው። ለፊተኛው የውስጥ ጎማ 96 ኪሎ ቀረለት። በ96 ኪሎ መሬት የሚረግጥ ጎማ ነዳጅ ስትሰጡት ባዶውን ይሽከረከራል፤ ያንን የጎማ ጩኸት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁን ኋላውን እናጠንክረው፤ የኋላው የውስጥ ጎማ 190ውን በሙሉ ለጎረቤቱ ሰጥቶ ከመሬት እስኪነሳ ድረስ። ፊቱ የሚሸከመው 167 ብቻ ይሆናል፤ ለፊተኛው የውስጥ ጎማ 143 ኪሎ ቀረ። ከ96 ወደ 143። ሞተሩን ሳንነካ፣ የሚነዳውን ጎማ በግማሽ ያህል አከበድነው። በውድድር ፎቶ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና አንድ የኋላ ጎማዋን አንስታ ስትዞር ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን ወሰን አለ። ጎማው አንዴ ከመሬት ከተነሳ ሌላ የሚሰጠው ክብደት የለውም። ከዚያ ወዲያ ኋላውን ብታጠነክሩት በጠፍጣፋ አስፋልት ላይ የሚጨመር ነገር የለም፤ ጎርባጣ ላይ ግን መኪናዋ ትዘላለች።

ወደ ብረቱ እንምጣ። የአብዛኞቹ ትንንሽ መኪናዎች የኋላ አክስል ተርሽን ቢም የሚባለው ነው። ሁለት ክንዶች አሉ፤ ፊታቸው ጎሚኒ በሚባለው የጎማ ማያያዣ ከቦዲው ጋር ይታሰራል፣ ጫፋቸው ላይ ጎማው አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መስቀለኛ ብረት አለ። ይህ ብረት ሆዱ ክፍት ነው። ክፍት የሆነው ፋብሪካው ብረት ለመቆጠብ ብሎ አይደለም፤ እንዲጠመዘዝ ነው። አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ብረቱ ይጠመዘዛል፣ እምቢ በሚልበት መጠን የስታቢላይዘር ሥራ ይሠራል።

ይህን ክፍት ሆድ በላሜራ ሸፍኖ መበየድ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አታድርጉት። ወረቀት ጠቅልላችሁ ቱቦ አድርጉና ሳታጣብቁት ጠምዝዙት፤ በቀላሉ ይታዘዛል። ጠርዙን በሙጫ አጣብቁና ድገሙት፤ አይነቃነቅም። ብረትም እንዲሁ ነው፤ ክፍቱን ስትዘጉት ግትርነቱ በ20 ወይም በ30 በመቶ አይጨምርም፣ ብዙ እጥፍ ይሆናል። መጠመዘዝ የነበረበት ኃይል ብየዳው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይከማቻል። ብየዳ ያለፈበት አካባቢ ደግሞ የብረቱ ጠባይ ተቀይሯል። መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። ቀጥሎ አክስሉ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሳለ አይደለም፤ ኩርባ መካከል ነው።

ትክክለኛው መንገድ ተጨማሪ ክብ ብረት በሁለቱ ክንዶች መካከል በብሎን ማሰር ነው። በብሎን ስል ምክንያት አለኝ፤ ካልወደዳችሁት ትፈቱታላችሁ፣ ውፍረቱንም ትቀይራላችሁ። ውፍረቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የክብ ብረት የመጠምዘዝ ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው። 20 ሚሊ ሜትሩን 22 ስታደርጉት ሁለት ሚሊ የጨመራችሁ ይመስላችኋል፤ ግትርነቱ ግን 46 በመቶ ጨምሯል። 25 ሚሊ ስታደርጉት ከሁለት እጥፍ በላይ፣ 2.4 ገደማ ነው። ስለዚህ ከቀጭን ጀምሩ።

ብረቱ ምን ዓይነት ይሁን ለሚለው፣ ፌሮ ቢሆን ምን አለበት የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ፌሮውም፣ ሞላ የሚሠራበት የሞላ ብረቱም ግትርነታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ብዙ ሲጠመዘዙ ነው፤ የሞላ ብረት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፌሮው ተጣሞ ይቀራል። ተጣሞ የቀረ ስታቢላይዘር ያላት መኪና ወደ ግራ ስትዞርና ወደ ቀኝ ስትዞር ሁለት የተለያየች መኪና ናት። የሞላ ብረት ፈልጉ። ጫፉን ቶርኖ ቤት አሠሩት፣ በእሳት አታግሉት።

ስለ ጎሚኒ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ግን አንዱን ልያዝ። አክስሉ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው በሁለት ጎሚኒዎች ብቻ ነው። ካረጁ ኩርባ ላይ የጎን ግፊት አክስሉን በሙሉ ያሽከረክረዋል፤ ማንም ሳያዘው የኋላው ጎማ መሪ ይሆናል። ሾፌሩ «ኋላዋ ትዋኛለች» የሚለው ይህን ነው። ያረጀ ጎሚኒ ላይ ወፍራም ስታቢላይዘር ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። በፖሊዩሪታን ልቀይረው ለሚል ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ አክስል ላይ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው ትውልድ ጎልፍ ላይ፣ ጎሚኒው ኩርባ ውስጥ አክስሉን እንዲያቀና ተብሎ ታስቦበት የተሠራ ነው። ያንን በጠንካራ ፕላስቲክ ስትተኩት የፋብሪካው መሐንዲስ ያሰበውን ሥራ አጠፋችሁት፤ አንዳንዴ አክስሉ ራሱ ተጣብቆ በነፃነት አይንቀሳቀስም። አዲስ፣ ትክክለኛ፣ ጠንከር ያለ ጎማ ጎሚኒ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ዊል አላይመንት፣ ማለትም ጎማዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «የኋላውን አስተካክሉልኝ» ስትሉ «የዚህች መኪና ኋላ አይስተካከልም» ይሏችኋል። ብሎን የለውም፣ እውነታቸውን ነው። የሚስተካከለው ግን የጎማው እምብርት ከአክስሉ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ቀጭን ላሜራ በማስገባት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። በብሎኖቹ መካከል 100 ሚሊ ሜትር ካለ፣ በአንዱ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ስታስገቡ ጎማው 0.57 ዲግሪ ይዞራል። ከግማሽ ዲግሪ በላይ መሆኑ ነው፤ ለኋላ ጎማ ይህ ብዙ ነው። ላሜራው ሙሉ ፊቱን የሚሸፍን፣ እንደ ሽብልቅ እየሳሳ የሚሄድ መሆን አለበት፤ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ የተወተፈ ቁራጭ ብሎኑን ያጣምመዋል።

የኋላ ጎማዎች ፊታቸው ትንሽ ወደ ውስጥ ካየ መኪናዋ ትረጋጋለች። ወደ ውጭ ካየ ቶሎ ትዞራለች። በጠባብ ሜዳ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በኮን መካከል ለሚደረግ ውድድር ትንሽ ወደ ውጭ ማድረግ ይጠቅማል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ያው ነገር ጠላት ነው። ለጀማሪ የምመክረው ቀጥ ያለ ወይም በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ ያየ ነው። የጎማው ራስ ወደ ውስጥ መዘንበሉ ደግሞ ኋላ ላይ ከ1.5 እስከ 2.5 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፊቱ ከዚያ ይበልጥ። መለኪያ ማሽን የለኝም አትበሉ። ሲባጎ በመኪናዋ ጎን ለጎን ወጥራችሁ ከቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። በትላልቅ ውድድሮችም ሲባጎ እስከ ዛሬ ይወጠራል።

ሞላ። መቁረጥ ይቻላል ወይ? ሞላ ሲቆረጥ ያጥራል፣ ይጠነክራልም። ሰባት የሚሠራ ጥምዝ ካለው አንዱን ብትቆርጡ 17 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ችግሩ ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ መኪናዋ ስትዘል አጭሩ ሞላ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የተቆረጠ ሞላ ደግሞ ጥራቱን ያጣል። የምታስተውሉት ሌላ ነገር አለ። የቤት መኪና የኋላ ሞላ የተሠራው አምስት ሰውና ሻንጣ እንዲሸከም ነው። እናንተ ለውድድር የኋላ ወንበሩን፣ ስኮርታ ጎማውንና ምንጣፉን ስታወጡ ያው ሞላ ለቀለለችው መኪና በራሱ ጠንካራ ሆነ። ሳትገዙ ያገኛችሁት ነው። መጀመሪያ አቅልላችሁ ሞክሯት።

አዲስ ሞላ ስትመርጡ ቦታውን ተመልከቱ። ሞላው ጎማው ጋ ካልሆነና ከጎሚኒው እስከ ጎማው ካለው ርዝመት 80 በመቶው ላይ ከተቀመጠ፣ ጎማው የሚሰማው ጥንካሬ የሞላው 64 በመቶ ብቻ ነው፤ 0.8 በ0.8። ሌላ ሰው የሌላ መኪና ሞላ ቁጥር ሲነግራችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትግዙ። አሞርዛተሩ ከሞላው ጋር መሄድ አለበት። ጠንካራ ሞላ በደከመ አሞርዛተር ላይ ጎማውን መሬት ላይ እንደ ኳስ ያነጥረዋል፤ የሚያነጥር ጎማ ደግሞ ምንም አይይዝም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋውና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንዳንድ መኪናዎች፣ በተለይ የቆዩት የአውሮፓዎቹ፣ ኋላ አክስላቸው ላይ በትንሽ ሞላ የታሰረ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ሥራው ጭነት መለካት ነው። ኋላው ሲወርድ «መኪናዋ ተጭናለች» ብሎ ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይልካል። እናንተ መኪናዋን ዝቅ ስታደርጉ ቫልቩ ይህን አያውቅም። ባዶ መኪና፣ ያውም ወንበሯ የወጣ፣ የሙሉ ጭነት ፍሬን ይደርሳታል። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ይቆልፋል። ኋላው የቆለፈባት መኪና ትሽከረከራለች። ዝቅ ያለች መኪና ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ከሥሯ ገብቶ ይህ ነገር መኖር አለመኖሩን ይይ፣ ካለም ክንዱ እንደገና ይስተካከል። ከፍ ያደረጋችሁ ደግሞ የፍሬን ጎማ ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን እዩ፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ።

ጎማና ብርድ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሜዳችን ውርጭ ለብሶ ያድራል። የፊት ጎማ የሚነዳት መኪና የፊት ጎማዎቿ ቶሎ ይሞቃሉ፤ ይነዳሉ፣ ይዞራሉ፣ አብዛኛውን ፍሬን ይሸከማሉ። የኋላዎቹ ተከትለው ብቻ ይሄዳሉ፣ ቀዝቃዛ ሆነው ይቆያሉ። ያጠነከራችሁት ኋላ በቀዝቃዛ ጎማ ላይ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች አደገኛ ናቸው። ረጋ ብላችሁ አሙቁ። ንፋስም እዚያው ውድድር ቦታ ለኩ። ደብረ ብርሃን የሞላችሁት ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትለኩት ጌጁ ሌላ ቁጥር ያሳያችኋል፤ ከፍታውም ሙቀቱም ተቀይሯል።

እና ሜዳ። ይህን በቀስታ አልለውም። ኋላዋ እንዲዞር ተደርጋ የተሠራች መኪና ኩርባ መካከል እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ድንገት ስታነሱ ኋላዋ ይወጣል። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ያመልጣል። 205 ጂቲአይ በዓለም ዙሪያ በዚህ ጠባይዋ ትታወቃለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቱ ገና ከመጀመሪያው ወደ ፊት ነው። ጣርማበርን ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ አስቡት፤ ጉም አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ተሳቢ አለ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች አሉ፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። እዚያ የሚሞከር ነገር የለም። የሚሞከረው በፈቃድ በተዘጋ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ሰው በሌለበት፣ ሄልሜት አድርጋችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ፣ የቀየራችሁትን እየጻፋችሁ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ አታውቁም። በየቀኑ ቤተሰብ የምታመላልሱባት መኪና ከሆነች ደግሞ ኋላዋን ፋብሪካው እንደሠራው ተዉት።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን ልጨምር።

አንድ ወንድም «ተርሽን ቢም የድሃ አሠራር ነው ይባላል፣ በእሱ ይወዳደራሉ?» አለኝ። አዎ። ሬኖ ሜጋን አር ኤስ ትሮፊ አር እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመን አገር ባለው የኑርቡርግሪንግ ሜዳ ላይ በጊዜው በፊት ጎማ ከሚነዱ የገበያ መኪናዎች ሁሉ ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበችው በዚሁ አሠራር ነው። እንዲያውም ለመቅለል ብለው የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ዘመናዊ መሣሪያ አውጥተው ጥለውታል። ለአቧራና ለጠጠርም ምስክር አለ፤ ኬኔት ኤሪክሰን በ1987 የኮትዲቯርን ራሊ ያሸነፈው በጎልፍ ጂቲአይ ነው።

አንዲት የምህንድስና ተማሪ «ለአስፋልት የተስተካከለው ለጠጠር ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። አይሆንም። ጠጠር ላይ ጎማው ረጅም መንገድ መውጣትና መውረድ አለበት፣ ሞላው ለስለስ፣ መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ስታቢላይዘሩ ይቀጥናል ወይም ይወጣል። በብሎን እሰሩት ያልኩት አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ጋራዥ ባለቤት መጣ። አዲስ ጎሚኒ ባስገባ ቁጥር ለምን ቶሎ ይቀደዳል አለ። አገጣጠሙን ጠየቅሁት። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ነበር ብሎኑን የሚያጠብቀው። እንዲህ ሲሆን ጎሚኒው የተንጠለጠለውን ቦታ እንደ መደበኛ ቦታው ይዞ ይታሰራል፤ መኪናዋ መሬት ስትነካ ገና ሳትንቀሳቀስ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ብሎኑን በእጅ ብቻ ያዙት። መኪናዋን በአራት ጎማዋ መሬት ላይ አሳርፏት፣ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አድርጓት፣ ከዚያ በቆመችበት ከፍታ ላይ አጥብቁት።